ወንዙም የባርነት ነበር፦ የሪፕሊ ከተማ የጉዞ ማስታወሻ

ከሲንሲናቲ ተነስቶ የኦሃዮን ወንዝ በስተቀኝ እያየ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው፣ በ52 ቁጥር መንገድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ሪፕሊ ይደርሳል። ነዋሪዋ ሁለት ሺህ አይሞላም። የፍሮንት ስትሪት የጡብ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ወንዙ ሰጥተው ተደርድረዋል፤ ከጀርባቸው ኮረብታው ቀጥ ብሎ ይነሳል። ከተማዋ በኮረብታውና በውሃው መካከል ባለች ቀጭን ሜዳ ላይ ተጣብቃ ነው ያደገችው። ድልድይ የላትም። ማዶ ለመሻገር የፈለገ ወደ ምሥራቅ ሄዶ በሜይዝቪል በኩል መዞር አለበት። ማዶው ኬንታኪ ነው፤ ከወንዙ ዳር ሆኖ ሲታይ ዛፍና ማሳ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ያንን ማዶ ለማየት ነበር። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት በነበሩት አርባ ዓመታት ከዚያ ማዶ ወደዚህ የተሻገረ ሰው ንብረት መሆኑ ቀርቶ ሰው የመሆን ዕድል ያገኝ ነበርና። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በ1787 የወጣው ድንጋጌ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ባለው ግዛት ባርነትን ከለከለ፤ ኦሃዮም በ1803 ነፃ ክፍለ ግዛት ሆና ኅብረቱን ተቀላቀለች። ኬንታኪ ግን የባርነት አገር ነበረች። ብዙ ሰው ወንዙ መሃል ለመሃል የተከፈለ ይመስለዋል፤ እኔም ስሄድ እንደዚያ ነበር የማስበው። ድንበሩ ግን ውሃው ሲጎድል በሰሜኑ ዳርቻ የሚደርስበት መስመር ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህንኑ በ1820 አጽንቶታል። ስለዚህ ወንዙ ራሱ የኬንታኪ ነው። ሌሊት በጀልባ የሚቀዝፍ ኮብላይ መሃል ደርሶ እፎይ ሊል አይችልም ነበር፤ እግሩ የሪፕሊን ጭቃ እስኪረግጥ ድረስ ያለው በባርነት ምድር ላይ ነው።

ጭቃውን ከረገጠም በኋላ ነገሩ አላለቀም። ከ1793 ጀምሮ የነበረው የፌዴራል ሕግ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ኮብላዩን ነፃ ምድር ድረስ ተከትሎ እንዲይዝ ይፈቅድለታል። ኦሃዮም ብትሆን በ1807 ባወጣችው ሕግ፣ ወደ ክፍለ ግዛቷ ገብቶ መኖር የሚፈልግ ጥቁር ሰው የ500 ዶላር ዋስ እንዲያቀርብ፣ በነጭ ላይም በፍርድ ቤት እንዳይመሰክር አድርጋ ነበር። የሪፕሊ ሰዎች ኮብላዮችን በመርዳት የሠሩትን ሥራ ትልቅነት የሚያውቅ ይህን የሚያውቅ ብቻ ነው። ከጀርባቸው የሚደግፋቸው ሕግ አልነበረም።

ከተማዋን በ1812 የቆረቆራት ኮሎኔል ጄምስ ፖግ የተባለ የቨርጂኒያ ሰው ነው፤ ባሪያዎቹን ነፃ ለቆ ወደዚህ የመጣ ነው። መጀመሪያ በቨርጂኒያዋ ከተማ ስም ስታንተን አላት፤ በ1816 ደግሞ በ1812ቱ ጦርነት ለተዋጋው ለጄኔራል ሪፕሊ መታሰቢያ ስሟ ተለወጠ። እሱን ተከትለው የመጡት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ከደቡብ የተሰደዱ ፕሪስቢቴሪያኖች ነበሩ። ባርነትን በጋዜጣ ያነበቡት ሳይሆኑ በጎረቤታቸው ግቢ ያዩት ነበሩ፤ በራሳቸው ግቢ ያዩትም አሉባቸው። ከተማዋ በወንዙ ላይ የሚሄዱትን ጀልባዎች እየሠራች፣ የአሳማ ሥጋ እያሸገች ወደ ደቡብ እየላከች በለጸገች። ገንዘቡ ከባርነት አገር ይመጣል፤ ሌሊት ደግሞ ከዚያው አገር ሰው ይሻገራል። ይህን እርስ በርሱ የሚጋጭ ኑሮ ከተማዋ ለአርባ ዓመት ኖራበታለች።

የሪፕሊ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የቄስ ጆን ራንኪን ነው። በ1793 ቴነሲ ተወለደ። እዚያ ባርነትን ተቃውሞ ቢሰብክ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ስብከት ይዞ ከአገሩ ቢወጣ እንደሚሻለው ነገሩት፤ ወደ ኬንታኪ፣ ከዚያም በ1822 መባቻ በረዶ የተንሳፈፈበትን ወንዝ ከቤተሰቡ ጋር ተሻግሮ ወደ ሪፕሊ መጣ። ጥቂት ቆይቶ በቨርጂኒያ የሚኖር ወንድሙ ቶማስ ባሪያ መግዛቱን ሰማ። ለወንድሙ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በሪፕሊ ጋዜጣ ወጡ፤ በ1826 መጽሐፍ ሆኑ። ወንድምየውም ተረታ፤ ባሪያዎቹን ነፃ አወጣ። ለባርነት መጥፋት በመላው አገሪቱ የታገለው ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ራሱን የራንኪን ደቀ መዝሙር ብሎ ይጠራ ነበር።

ራንኪን በ1820ዎቹ መጨረሻ ከወንዙ ዳር ለቆ ኮረብታው ጫፍ ላይ ቤት ሠራ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ መንግሥት ሙዚየም አድርጎታል። ከከተማው ወደ ላይ የሚያወጣ ደረጃ አለ፤ ወጣሁት። ትንፋሽ ይቆርጣል። በሌሊት፣ በባዶ እግር፣ ልጅ አዝሎ፣ ውሻ ከኋላ እየጮኸ የሚወጣውን ሰው እያሰብኩ ነው የወጣሁት። ከላይ ሲደርሱ ቤቱ ያስገርማል፤ ትንሽ ነው። ራንኪንና ሚስቱ ጂን አሥራ ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዚህ ጠባብ የጡብ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚመጡትን እንግዶች ያበሉትና ያሞቁትም እዚሁ። ከበሩ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ወንዙን ሲታጠፍ፣ ከተማዋን፣ ከዚያም የኬንታኪን ኮረብታዎች እርከን በእርከን ያያል። ታዲያ ከዚያ ማዶም ይህ ቤት እንዲሁ ይታያል ማለት ነው። ሌሊት ሌሊት በመስኮቱ የሚበራው መብራት ኬንታኪ ውስጥ ላሉ ባሪያዎች ምልክት ነበር። በዚህ ቤት ያለፉት ኮብላዮች ከሁለት ሺህ እንደሚበልጡ ይነገራል።

የራንኪን ልጆች ሥራቸው ፈረስ ጭኖ መሄድ ነበር። ኮብላዩ ከበላና ከደረቀ በኋላ በዚያው ሌሊት ወደ ሰሜን፣ ወደሚቀጥለው ቤት ያደርሱታል፤ ያኛው ደግሞ ወደሚቀጥለው፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ካናዳ። አሜሪካውያን ስውሩ የባቡር ሐዲድ የሚሉት ይህንን ነው። ሐዲድም ባቡርም የለውም፤ እርስ በርሱ የሚተማመን ሰው ሰንሰለት ነው። ኮብላዮችን የሚያሳድዱት ባሪያ ፈንጋዮች ይህን ያውቁ ነበር፤ በ1841 ሌሊት ቤቱን ከበው ተኩስ ከፈቱ። የራንኪን ልጆችና አንድ ዘመዳቸው መሣሪያ አንስተው መለሷቸው።

በ1838 ክረምት የሆነው ነገር ግን ከዚህ ኮረብታ አልፎ በዓለም ተሰማ። ወንዙ በረዶ ሆኖ ቆይቶ መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ከኬንታኪ ዳርቻ በበረዶው ላይ ተነሳች። በረዶው እየተሰበረ ውሃ ውስጥ እየገባች፣ ሕፃኑን ወደፊት እየወረወረች፣ ራሷን እየጎተተች ተሻገረች። በዚህኛው ዳር አንድ ባሪያ ፈንጋይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። የራንኪን ቤተሰብ እንዳቆዩት ትረካ፣ ሰውየው የሕፃኑን ለቅሶ ሲሰማ ልቡ ራራ፤ ሊይዛት የመጣው ሰው ኮረብታው ላይ ያለውን ቤት አሳያት። ደራሲዋ ሃሪየት ቢቸር ስቶው ይህን ታሪክ ሰማች፤ በ1852 በወጣው «የአጎቴ ቶም ጎጆ» ውስጥ ኤላይዛ የምትባለውን ገጸ ባሕርይ በዚህ በረዶ ላይ አሻገረቻት። መጽሐፉ በመጀመሪያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 300,000 ቅጂ ተሸጠ። የእውነተኛዋ እናት ስም ግን አልተጻፈም። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጇንና የልጅ ልጆቿን ለማስኮብለል ተመልሳ ወደ ኬንታኪ እንደተሻገረች የራንኪን ቤተሰብ ተርኳል። እኔ ከበረዶው ይልቅ ይህኛው ይበልጥ ይደንቀኛል። አንዴ ከሞት ያመለጠ ሰው በገዛ እግሩ ሲመለስ!

ወንዙ ያኔ እንደ ዛሬው ሰፊና ጥልቅ አልነበረም። ዛሬ ከሪፕሊ በታች ያለው የሜልዳል ግድብ ውሃውን አንስቶታል፤ በድሮው ወንዝ ላይ ግን በበጋ አሸዋው ብቅ ይላል፣ በክረምት ደግሞ በረዶው ሰው ይሸከማል። ይህን ካላሰብን የሴትየዋ መሻገር ተረት ይመስለናል።

ከኮረብታው ስወርድ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የከተማዋን ታሪክ የሚተርክ ሁሉ ከመብራቱ ይጀምራል፤ ሰባኪው፣ ቤቱ፣ ፋኖሱ። ክብሩ ይገባቸዋል። ነገር ግን መብራት ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ነው፤ ወደ ጨለማው የገባው ማን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ ታች፣ ከወንዙ ዳር፣ በፍሮንት ስትሪት ላይ ባለ ሌላ ጡብ ቤት ውስጥ ነው።

ጆን ፓርከር በ1827 በኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ተወለደ፤ እናቱ ባሪያ፣ አባቱ ነጭ ነበር። ስምንት ዓመት ሲሆነው ከእናቱ ተለይቶ ተሸጠ። ከሪችመንድ እስከ ሞቢል፣ አላባማ በሰንሰለት ታስሮ በእግሩ ተነዳ። ወሩ አበባ የሚፈነዳበት ነበር። ፓርከር ሸምግሎ ሲተርክ፣ በመንገድ ዳር ያበቡትን ቁጥቋጦዎች በዱላ እየመታ አበባቸውን ያረግፍ እንደነበር አስታውሷል፤ እነሱ ነፃ፣ እሱ ግን እስረኛ በመሆኑ ተናዶ። የስምንት ዓመት ልጅ በአበባ ላይ ሲናደድ ማሰብ ይከብዳል፤ ስለ ባርነት ካነበብኩት ሁሉ በውስጤ የቀረው ይህ ነው።

ሞቢል ላይ አንድ ሐኪም ገዛው። የሐኪሙ ልጆች በድብቅ ማንበብ አስተማሩት፤ በኋላም ብረት ማቅለጫ ገብቶ ሙያ ተማረ። በ1845፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ከደመወዙ እየቆጠበ 1,800 ዶላር ከፍሎ ራሱን ገዛ። ወደ ሰሜን መጥቶ ሚራንዳ ቦልደንን አገባና ሪፕሊ ሰፈረ፤ ከወንዙ ዳር የራሱን የብረት ማቅለጫ ከፈተ። ጥቁርም ነጭም ሠራተኛ ቀጠረ። በ1880ዎቹ የትምባሆ መጭመቂያ ማሽን ፈጥሮ በስሙ የፓተንት መብት አገኘ፤ በዚያ ዘመን ይህን ያደረጉ ጥቁር አሜሪካውያን እጅግ ጥቂት ናቸው። ቀን ቀን ብረት ያቀልጣል። ሌሊት ጀልባ ይቀዝፋል።

ሽጉጥና ቢላዋ ሳይታጠቅ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ሲመሽ በመንገዱ መሃል ለመሃል ይሄዳል፤ በየጥጉ የሚያደባ ስላለ ወደ ግድግዳ አይጠጋም። ኬንታኪ ውስጥ በራሱ ላይ ዋጋ ተቆርጦ ነበር፤ ቢያዝ የሚጠብቀው እንደ ቄስ ራንኪን ፍርድ ቤት ሳይሆን የባሪያ ገበያ ወይም ገመድ ነው። እንዲያም ሆኖ ተሻግሮ ይሄዳል፤ ሰዎቹን ካሉበት ይዞ ይመጣል።

አንዱን ሌሊት ልንገራችሁ። ማዶ ያለ አንድ ባለ እርሻ፣ ባልና ሚስት የሆኑ ባሪያዎቹ ሊኮበልሉ ነው ብሎ ጠረጠረ። ስለዚህ ሕፃን ልጃቸውን ሌሊት ሌሊት ከራሱ መኝታ ቤት፣ ከአልጋው ግርጌ ያስተኛ ጀመር። ልጃቸውን ትተው እንደማይሄዱ ያውቃል። ከአጠገቡ ወንበር ላይ ሽጉጥና ሻማ አለ። ይባስ ብሎ የዚህ ሰው ልጅ የፓርከር ማቅለጫ ሠራተኛ ነበርና ቢደፍር እንደሚገድለው ዝቶበታል። ፓርከር ተሻገረ። ወላጆቹ ያለ ልጃችን አንሄድም አሉ። እሱ ራሱ በጨለማ ቤቱ ገባ፣ በእጁና በጉልበቱ እየተሳበ ወደ አልጋው ደረሰ፣ ሕፃኑን አነሳ። ወንበሩ ተገለበጠ፤ ሻማው ጠፋ። ሕፃኑን እንደያዘ ሮጠ፤ ወላጆቹ እየተከተሉት ወደ ጀልባው፣ ከዚያም ወደዚህኛው ዳር። ቤተሰቡን ለሌላ ታማኝ ሰው አስረክቦ ቤቱ ገብቶ ተኛ። ባለ እርሻው በሩን ሲደበድብ ፓርከር የሌሊት ልብሱን ለብሶ ከፈተለት፤ ቤቱን ቢፈትሽ ምንም አላገኘም።

ሌላው ሌሊት እንዲህ በደስታ አያልቅም። ፓርከር ብዙ ኮብላዮችን ይዞ ወንዙ ጋ ሲደርስ ፈንጋዮቹ ከኋላ ደርሰዋል፤ ጀልባዋ ደግሞ ትንሽ ናት። ሁለት ሰው ዳር ላይ ቀረ። ጀልባዋ ላይ ያለች አንዲት ሴት ከቀሩት አንዱ ባሏ ነው ብላ አለቀሰች። በዚህ ጊዜ ሚስት የሌለው አንድ ወጣት አንድም ቃል ሳይናገር ተነስቶ ከጀልባዋ ወረደ፤ ባልየው በቦታው ገባ። ፓርከር ቀዘፈ። ከኋላቸው በተነሳው ጩኸት ሰውየው መያዙን ተረዳ። ስሙን ማንም አልመዘገበም። ቦታውን ለሰው ለቆ ወደ ባርነት የተመለሰ ሰው ሐውልት ሪፕሊ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ሊኖር ይገባ ነበር።

ስሞቹ የጠፉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፓርከር የሚያሻግራቸውን ሰዎች ስም፣ ቀኑንና ሁኔታውን በማስታወሻ ደብተር ይጽፍ ነበር። በ1850 ኮንግረስ አዲስ የኮብላይ ሕግ አወጣ፤ ኮብላይ የረዳ ሰው እስከ 1,000 ዶላር መቀጮና እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀው ጀመር። ቤት ንብረትና ቤተሰብ ያለው ፓርከር፣ የ315 ሰዎች ታሪክ የተጻፈበትን ደብተር ወስዶ ከገዛ ማቅለጫው እሳት ውስጥ ጣለው። መሻገሩን ግን አልተወም። በ1880ዎቹ ፍራንክ ግሬግ የሚባል ጋዜጠኛ የሕይወቱን ታሪክ ከአንደበቱ ጻፈ፤ ጽሑፉ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ዘመን ተቀምጦ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1996 ነው። ፓርከር ከሞተ ዘጠና ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። ልጆቹን በሙሉ አስተምሯል፤ ሆርቴንስ የምትባለው ልጁ በ1883 ከማውንት ሆልዮክ የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

ከማዶ ደግሞ አርኖልድ ግራግስተን የሚባል ወጣት ነበር። እሱ ራሱ በሜሰን አውራጃ፣ ኬንታኪ ባሪያ ነው። አንድ ሌሊት አንዲት ቆንጆ ልጅ አሻግርልን ብለው ለመኑት። በፍርሃት እየተንቀጠቀጠ ቀዘፈ። በሪፕሊ ዳር ሰዎች በጨለማ ክንዱን ሲይዙት የሞቱ ሰዓት የደረሰ መሰለው፤ እነሱ ግን ርቦት እንደሆነ ጠየቁት። ከዚያች ሌሊት በኋላ በየወሩ ጨረቃ የሌለባቸውን ሌሊቶች እየመረጠ ለዓመታት አሻገረ፤ እሱ ግን ቀዝፎ ወደ ባርነቱ ይመለሳል። ከሰዎቹ ብዙዎቹን በብርሃን ቢያገኛቸው እንኳ አያውቃቸውም ነበር፤ ፊታቸውን አይቶት አያውቅምና። በመጨረሻ ሊያዝ ሲል ሚስቱን ይዞ እሱም ተሻገረ። ይህን የተናገረው በ1930ዎቹ፣ ዕድሜው ዘጠና ሰባት ደርሶ፣ የመንግሥት ጸሐፊዎች የቀድሞ ባሪያዎችን ቃል እየዞሩ ሲመዘግቡ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሪፕሊ ሌላ ከተማ ሆነች። በ1864 በዚሁ በብራውን አውራጃ በአንድ እርሻ ላይ ቅጠሉ የነጣ ትምባሆ በቀለ፤ ነጭ በርሊ ተብሎ የአካባቢው ዋና ሰብል ሆነ። የትምባሆ ሙዚየምም አላት። በጥር 1937 ወንዙ ገንፍሎ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ወጣቱ ወደ ሲንሲናቲ ሄደ። የፓርከር ማቅለጫ የለም። ቤቱ ግን ሊፈርስ ደርሶ የከተማዋ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው አድሰውታል፤ ከ1997 ጀምሮ የእሱም የራንኪንም ቤት ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ናቸው።

በፓርከር ቤት ያገኘኋቸው አስጎብኚ እድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ታሪኩን ሲናገሩ ከመስኮቱ ወንዙን እያሳዩ ነው። «ከዚህ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው» አሉኝ፤ «ልጅ ይዞ ሲሮጡ ግን ሩቅ ነው።»

በኮለምበስና በሲንሲናቲ የምትኖሩ ወገኖቼ ሪፕሊ በመኪና ሩቅ አይደለችም። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ስለ ሊንከን ይማራሉ፤ ስለ ፓርከር ግን ላይሰሙ ይችላሉ። አንድ ቅዳሜ ውሰዷቸው። የመክፈቻ ቀናቱ በየወቅቱ ስለሚለያዩ ቀድማችሁ ጠይቁ። ስትሄዱም ኮረብታው ላይ ካለው መብራት አትጀምሩ። መጀመሪያ ወንዙ ዳር ወዳለው ወደ ፓርከር ቤት ግቡ፤ ወደ ላይ የምትወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።